አደይ ሳይረግፍ፣ አያት ሳይደክም

ጃፓን ውስጥ በየዓመቱ በመጋቢት ወር የአገሪቱ የሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት ባለሙያዎች አንድ ዛፍ ሥር ቆመው አበባ ይቆጥራሉ። ዛፉ ቶኪዮ ከተማ በያሱኩኒ መቅደስ ግቢ ያለ የቼሪ ዛፍ ነው። አምስት ወይም ስድስት አበቦች ፈክተው ሲያገኙ የቶኪዮ አበባ መፍካቱን ያውጃሉ፤ ወሬውም በዜና ይነገራል። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ አጭር ነው። ዛፎቹ በሳምንት ገደማ ሙሉ በሙሉ ያብባሉ፤ ከዚያ ነፋስና ዝናብ ያረግፋቸዋል።

ጊዜው አጭር መሆኑን ስለሚያውቁ ነገ ዛሬ አይሉም። ቤተሰቡም፣ የመሥሪያ ቤት ባልደረባውም፣ ጎረቤቱም ምሳውን ቋጥሮ ዛፍ ሥር ምንጣፍ ያነጥፋል። ልማዱን «ሃናሚ» ይሉታል፤ አበባ ማየት ማለት ነው። ከሌላው ዓለምም ሰው በቡድን ተደራጅቶ፣ አስጎብኚ ይዞ፣ ብዙ ገንዘብ ከፍሎ ለዚያች ሳምንት ይሄዳል። ውጭ አገር ልጅ ያላቸው አንዳንድ ቤተሰቦች ዘንድም «እማማን አንድ ጊዜ ጃፓን ወስደን አበባውን ብናሳያት» የሚል ወሬ ይነሣል።

ሐሳቡ መልካም ነው፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን። ነገር ግን የአበባ ወቅት ያለው ጃፓን ብቻ አይደለም። ከእንጦጦ ጀርባ ሱሉልታ፣ በምዕራብ ቡራዩ፣ በደቡብ ምዕራብ ከሰበታ በላይ ወጨጫ፣ ከዚያም ወደ ተጂ በሚወስደው መንገድ ዳርና ዳር፣ ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ መሬቱ ቢጫ ይለብሳል። የእኛ አበባ በሳምንት አይረግፍም፤ መስከረምን ይዞ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ታዲያ ስንቶቻችን ነን ልጆቻችንንና ወላጆቻችንን ይዘን አደይ አበባን በበቀለበት ቦታ ያየን? ለብዙ የከተማ ልጅ አደይ ማለት በእንቁጣጣሽ ዋዜማ በመንገድ ዳር ታስሮ የሚሸጥ እቅፍ፣ ወይም በቴሌቪዥን የበዓል ፕሮግራም ጀርባ የሚታይ ሥዕል ነው። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ይሉታል እንዲህ ያለውን።

ወቅቱ በቀን መቁጠሪያችን ውስጥ አለ

ጃፓኖች የአበባውን ቀን የሚነግራቸው መሥሪያ ቤት አላቸው። እኛ ደግሞ በዓላት አሉን። በመስከረም 1 ልጃገረዶች አበባየሆሽ እያሉ ይዞራሉ። በመስከረም 16 ደመራው በአደይ ያሸበርቃል። ከመስቀል በኋላ ባለው የመጀመሪያ እሑድ በቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ የኢሬቻ በዓል ይከበራል፤ ሰዉ እርጥብ ሣርና ኦሮሞዎች «ኬሎ» የሚሉትን ይህንኑ ቢጫ አበባ ይዞ፣ ክረምቱን ላሻገረው ፈጣሪ ምስጋና ያቀርባል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉት 40 ቀናት ዘመነ ጽጌ ይባላሉ፤ የአበባ ዘመን ማለት ነው። በእነዚያ ሳምንታት ካህናቱ ሌሊቱን ማኅሌተ ጽጌ ሲቆሙ ያድራሉ። እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ መሰደዷ የሚታሰብበት ጊዜም ነው።

እንግዲህ ለአበባ ከእኛ በላይ ቀን የቆረጠለት አገር ብዙ አይገኝም። የጎደለን ከቤት ወጥቶ ቦታው ድረስ መሄድ ነው።

አደይ፣ ኑግና ሜጭ

ልጅ ይዞ የሚወጣ ሰው አበባውን ለይቶ ቢያውቅ ጥሩ ነው። በዚህ ወቅት ቢጫ ሆኖ የሚታየው ሁሉ አደይ አይደለም። ማሳውን ከዳር እስከ ዳር እኩል ሞልቶ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ገበሬው የዘራው ኑግ ነው፤ አበባውም ከአደይ ዘግየት ይላል። እርጥብ ቦታ ላይና በሰብል መካከል ራሱ የሚበቅለው የኑግ ዘመድ ሜጭ ነው። አደይ ግን ማንም ሳይዘራው በማሳ ዳር፣ በአጥር ሥር፣ በድንጋያማ ተዳፋትና በሜዳ ይበቅላል። ሦስቱም ከሱፍ ጋር አንድ ትልቅ ቤተሰብ ናቸው። ልብስ ላይ እየተጣበቀ የሚያስቸግረን «የሰይጣን መርፌ» የሚባለው አረም ደግሞ የአደይ የቅርብ ዘመድ ነው።

ለልጆች የምታሳዩት አንድ ነገር ልንገራችሁ። አንድ አደይ አበባ ያዙና መሐሉን ቀረብ ብለው እንዲያዩት አድርጉ። አንድ አበባ የምንለው በእርግጥ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ ነው። ዙሪያውን ያሉት ቢጫ ቅጠሎች እያንዳንዳቸው አንድ አበባ ናቸው፤ መሐል ላይ የተጠቀጠቁትም እንዲሁ። ዘር የሚሆኑት የመሐሎቹ ናቸው። ተክሉ የአንድ ዓመት ዕድሜ ብቻ ያለው ነው፤ በክረምቱ ዝናብ ይበቅላል፣ ያብባል፣ ዘሩን ያራግፍና ይደርቃል። የጃፓኑ ቼሪ ዛፍ አበባው ቢረግፍ ግንዱ ቆሞ ዓመቱን ይጠብቃል። አደይ ግን የሚመጣው ዓመት ተስፋው መሬት ላይ በወደቀው ዘር ብቻ ነው። የደረቀው አበባ ዘሩን ሳያራግፍ ቦታው ከታረሰ ወይም ሲሚንቶ ከፈሰሰበት በዚያ ቦታ ዳግመኛ አይታይም።

ይህንን ማንሣቴ በምክንያት ነው። በ2015 ዓ.ም. ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታና ሌሎች በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉ ከተሞች በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ቤቱም ፋብሪካውም መንገዱም እየሰፋ ነው። ሰው ቤትና ሥራ ያስፈልገዋልና ይህንን የሚነቅፍ የለም። ነገር ግን አያቶች «እዚህ ጋ እኮ በመስከረም መሬቱ አይታይም ነበር» የሚሉት ቦታ ዛሬ በአብዛኛው ግንብ ነው። ልጆቻችን ቦታውን ሳያዩት ታሪኩን ብቻ እንዳይወርሱ መፍጠን ያስፈልጋል።

ስንት መስከረም አለን?

አንድ ሒሳብ እንሥራ። ልጅ ያየውን ነገር በደንብ ማስታወስ የሚጀምረው አምስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው እንበል። አሥራ ሦስትና አሥራ አራት ዓመት ሲሞላው ደግሞ ከአያቱ ይልቅ ከጓደኞቹ ጋር መዋል ይመርጣል። በመካከሉ ያሉት ስምንት ወይም ዘጠኝ መስከረሞች ናቸው። ከነዚህ ውስጥ አንዱ በኀዘን ያልፋል፣ አንዱ በገንዘብ እጥረት፣ ሌላው ደግሞ መንገዱ አስተማማኝ ሳይሆን ቀርቶ። አያትየው ሰባ ዓመታቸው ከሆነ ጉልበታቸውም በየዓመቱ ይቀንሳል። ሦስት ትውልድ አብሮ ሜዳ ላይ የሚቆምበት መስከረም ስትቆጥሩት ሦስት ወይም አራት ብቻ ሊሆን ይችላል።

«ፎቶውን በስልክ አሳያቸዋለሁ» የሚል ልጅ አለ። «አበባ ለማየት ተብሎ ጉዞ ይኬዳል እንዴ? ድሮ ከደጃችን ነበር» የሚሉ አያትም አሉ። ልክ ናቸው፤ ድሮ ከደጅ ነበር። አሁን ከደጅ ስለጠፋ ነው መሄድ ያስፈለገው። «ሸክም አልሆንባችሁም» ብለው የሚቀሩ እናቶችና አባቶች ደግሞ ብዙ ናቸው። እነዚህን «ይምጡ፣ ይዝናናሉ» ማለት አይበቃም። «ልጆቹ የሚጠይቁትን እኔ አላውቅም፤ እርስዎ ይንገሩልኝ» ሲባሉ ግን የተፈለጉበት ነገር እንዳለ ያውቁታል። አብዛኞቹም ይነሣሉ።

የቡድን ጉዞው ለማን ተዘጋጀ?

በየሳምንቱ መጨረሻ ከአዲስ አበባ ወደ ሱሉልታ፣ ወደ መናገሻ ሱባና ወደ ወንጪ የሚሄዱ የእግር ጉዞ ቡድኖች አሉ። ማልደው ይነሣሉ፣ አውቶቡስ ይከራያሉ፣ አስተባባሪ አላቸው፤ ለብቻ መኪና ከመከራየትም ይረክሳሉ። ችግሩ አብዛኞቹ የተዘጋጁት ለወጣት እግር መሆኑ ነው። «ቀላል የእግር ጉዞ» የሚለው ማስታወቂያ ለሃያ አምስት ዓመት ሰው ቀላል፣ ለሰባ ዓመት ሰው ግን የሦስት ሰዓት ዳገት ሊሆን ይችላል። ሱሉልታ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር፣ የእንጦጦና የወጨጫ ጫፎች ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ናቸው። የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የአስም ሕመም ላለበት ሰው ይህ ቀልድ አይደለም፤ አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር።

ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት አስተባባሪውን እነዚህን ጠይቁት። አውቶቡሱ ከቆመበት እስከ አበባው ስንት ደቂቃ ያስኬዳል? መንገዱ ዳገት አለው ወይ? መጸዳጃ ቤት የት ይገኛል? መቀጠል ላልቻለ ሰው አብሮት የሚቀር አስተባባሪ አለ ወይ? የአካባቢው ተወላጅ የሆነ መንገድ መሪ ይኖራል? የመመለሻው ሰዓት ስንት ነው? ለእነዚህ ጥያቄዎች ጥርት ያለ መልስ የሌለው ቡድን ለአያት አይሆንም።

ከዚህ የሚሻል መንገድም አለ። ለገዳም ጉዞ የሚሰባሰበው ማኅበር፣ ዕድሩ፣ የሰፈሩ እቁብ ወይም ሦስት አራት ቤተሰብ ሆኖ አንድ ሚኒባስ መከራየት ይችላል። ሕዝባችን በቡድን መጓዝን ከመንፈሳዊ ጉዞ በሚገባ ያውቀዋል፤ ስም ይጻፋል፣ ዳቦ ቆሎና በሶ ይያዛል፣ በየፌርማታው ሰው ይቆጠራል፣ አረጋውያን ከፊት ይቀመጣሉ። ያንን ልምድ ለአበባው ማዋል ብቻ ነው የሚቀረው። ወደ ደብረ ሊባኖስ የሚሄድ ሁሉ እኮ በሱሉልታና በጫንጮ ሜዳ መካከል አልፎ ነው የሚሄደው። ሾፌሩን «አንድ ሠላሳ ደቂቃ እዚህ ጋ ቁምልን» ማለት ምንም አያስከፍልም።

የት ልሂድ ለሚል

መራመድ ለሚከብዳቸው አያቶች የሱሉልታ መስመር ይሻላል። ዋናው መንገድ አስፋልት ነው፤ አበባውም ብዙ ሳይኬድ ከመንገዱ ዳር ይጀምራል። ማለዳ ላይ የምታገኟቸው ሯጮች ለልጆቹ ሌላ ትርዒት ናቸው።

በቡራዩ በኩል የሚሄድ ደግሞ በአምቦ መንገድ የገፈርሳን የውኃ ግድብ ያገኛል። ለአዲስ አበባ የሚጠጣ ውኃ ከሚመጣባቸው ግድቦች አንዱ ነው። «የቧንቧው ውኃ ከየት ይመጣል?» ለሚል ልጅ ከዚህ የተሻለ መልስ የለም።

ከፍ ያሉ ልጆችና ጠንከር ያሉ አያቶች ካሏችሁ ከሰበታ ወደ መናገሻ ሱባ ደን ውጡ። በ15ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል፤ በአፍሪካ ረጅም ጊዜ ተጠብቀው ከቆዩ ደኖች አንዱ ነው። በውስጡ ጉሬዛና የምኒልክ ድኩላ ይኖሩበታል። ወደ ደኑ የሚያስገባው መንገድ ግን በመስከረም ጭቃ ነው፤ ትንሽ አውቶሞቢል አይደፍረውም።

በተፍኪና በተጂ በኩል ያለው የበቾ ሜዳ ሌላ ነው። ረግረጉ ገና ያልደረቀ፣ ጥቁር አፈሩ እግር የሚይዝ፣ ጤፉ ያረንጓዴ ምንጣፍ የመሰለ ሰፊ አገር ነው። እዚህ ከአበባው ይልቅ ሰማዩና ወፎቹ ይታያሉ። ከመኪና ሳይወርዱም ደስ ይላል።

የትም ብትሄዱ ከመነሣታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታና ሰላሙን ከአካባቢው ሰው ጠይቁ። በመስከረም መጀመሪያ ከሰዓት በኋላ ዝናብ አይጠፋም፤ ስለዚህ ጠዋት 1 ሰዓት ተነሥታችሁ እስከ 8 ሰዓት ብትመለሱ ይመረጣል። ወላጆቻችሁ እሑድ ከቅዳሴ ወይም ከአምልኮ የማይቀሩ ከሆነ ቅዳሜን ምረጡ። ባርኔጣ፣ ጃንጥላ፣ ምርኩዝ፣ የሚታጠፍ ወንበር፣ የዘወትር መድኃኒት አትርሱ። ስኳር ያለበት ሰው ምግቡን ሳያሳልፍ ሰዓቱን ጠብቆ ይብላ።

መሬቱ ባለቤት አለው

ቢጫው ሜዳ ከሩቅ ሲያዩት የማንም አይመስልም። ቀረብ ሲሉ ግን አደዩ የበቀለው በገበሬ ገብስና ጤፍ ዳር ነው። ፎቶ ለመነሣት ተብሎ የሚረገጠው ሰብል የአንድ ቤተሰብ የዓመት ቀለብ ነው። ልጆቹ በመተላለፊያው እንዲሄዱ ንገሯቸው። ባለቤቱን ስታገኙት «አካም ጅርቱ» ብላችሁ ሰላምታ ስጡ፣ አስፈቅዱ፣ ስትሄዱ «ገለቶማ» በሉ። ልጆች ይህንን አይተው ሲያድጉ ጎረቤትን ማክበር ምን እንደሆነ ሳይሰበኩ ይማራሉ። ከዚያ የሚገኝ እንቁላል፣ ቅቤ ወይም ድንች ካለ ደግሞ ግዙ፤ የአበባው ጥቅም ለባለአገሩም ይድረስ።

ጃፓን ውስጥ የቼሪ ቅርንጫፍ መስበር ነውር ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ አደይ መቅጠፍ ባህላችን ነው፤ ለቤት፣ ለደመራ፣ ለኢሬቻ፣ ለበዓል ስጦታ። ማንም ይህንን ልማድ ተዉ አይልም። ግን ልክ ይኑረው። ለአንድ ቤተሰብ አንድ እቅፍ ይበቃል። ከሥሩ ከመንቀል በእጅ ወይም በመቀስ መቁረጥ፣ ከአንድ ቦታ ሁሉንም አለመጨረስ፣ ደርቆ ዘር የያዘውን ጭራሽ አለመንካት። አያቶች ይህንን ያውቁታል፤ ለልጆቹ ከእናንተ ይልቅ እነሱ ቢነግሯቸው ይሰማል።

አስጎብኚው ማን ይሁን?

በጃፓን የቡድን ጉዞ ላይ አስጎብኚው ትንሽ ባንዲራ ይዞ ከፊት ይሄዳል፤ ቡድኑ ይከተላል። በዚህኛው ጉዞ ባንዲራውን ለአያት ስጡ። ስልካችሁን ኪስ ውስጥ አድርጉና ልጆቹ እንዲጠይቁ ፍቀዱ። ልጅ ሳሉ መስከረም እንዴት ይጠባ ነበር? አበባየሆሽ ስትሉ ምን ይሰጧችሁ ነበር፣ ሙልሙል ወይስ ሳንቲም? ክረምቱን ወንዝ ሞልቶ ዘመድ ሳይጠያየቅ ከርሞ ሲገናኝ ምን ይባባል ነበር? እንዲህ ያለው ወሬ ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥን ተከፍቶ አይወጣም። ሽታው፣ እርጥቡ ሣርና ቢጫው ሲያስታውሳቸው ነው የሚመጣው።

አንዳንድ አያት ደግሞ ምንም ላይናገሩ ይችላሉ። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዝም ብለው ቢያዩ ተዉአቸው። የሞተ ወንድም ወይም የተለዩት አገር አስታውሰው ሊሆን ይችላል። ለፎቶ ብላችሁ ወዲህና ወዲያ አታንገላቷቸው።

ጃፓን መሄድ ለሚያስቡ

ቃል እንደገባነው ወደ ጃፓኑ ጉዞ እንመለስ። አቅሙ ያለውና ወላጆቹን የሚወስድ ልጅ ይመረቅ። ሁለት ነገር ግን ያስብ። አንደኛው ጾም ነው። የቼሪ አበባ በቶኪዮና በኪዮቶ የሚፈካው ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ወሩ መጨረሻ ባለው ጊዜ ነው፤ ይህም በአብዛኛው ዐቢይ ጾም ላይ ይውላል። የጃፓን ምግብ ሥጋ ባይኖረውም ሾርባውና ወጡ «ዳሺ» በሚባል፣ ብዙውን ጊዜ ከደረቀ ዓሣ በሚወጣ መረቅ ይሠራል። እናትዎ ዓሣ የማይነኩ ከሆነ አትክልት መሆኑን ብቻ ሳይሆን መረቁንም መጠየቅ ያስፈልጋል። የቡድሃ መነኮሳት የሚመገቡት «ሾጂን ሪዮሪ» የሚባል ሥጋም ዓሣም የሌለበት ምግብ አለ፤ አስጎብኚው አስቀድሞ እንዲያዘጋጅ ንገሩት። ሁለተኛው እግር ነው። በአበባው ሰሞን መናፈሻው በሰው ይጨናነቃል፣ ባቡር ጣቢያው ደረጃ ይበዛዋል። ያው ሱሉልታ ላይ የጠየቃችሁትን ጥያቄ እዚያም ጠይቁ።

ጃፓን ለእኛ ባይተዋር አገር አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. የመንግሥት መልእክተኞችን መርተው ሄደው፣ ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚል መጽሐፍ ጽፈዋል። ሻምበል አበበ ቢቂላም በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ አሸንፏል። አበበ ማለት ፈካ ማለት ነው። እሱ ቶኪዮ ላይ ሲሮጥ አገር ቤት ዘመነ ጽጌ ነበር፤ ሜዳውም ገና ቢጫ ነበር።

በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል። ጃፓን በሚመጡት ዓመታትም አለ፤ ገንዘብ ሲገኝ ይኬዳል። የዘንድሮ አደይ ግን ዘንድሮ ብቻ ነው። ዛሬ ማታ ራት ላይ ሁላችሁም ባላችሁበት አንድ ቅዳሜ ቁረጡ፤ ለእማማ ወይም ለአባባም ደውሉና ቀኑን ንገሯቸው። «ምን ልያዝ?» ካሉ፣ ወሬያቸውን ብቻ ይዘው ይምጡ በሏቸው።